ማን ሰማት? የእጅጋየሁ ሽባባው ድምፅ እና የአማርኛ የድምፅ ሂስ ቃላት

ኪሊማኒ በስዋሂሊ ሁለት ክፍል ያለው ስም ነው። «ኪሊማ» ኮረብታ ሲሆን «-ኒ» ቦታን የሚያመለክት ድኅረ ቅጥያ ነው፤ ስሙ «ኮረብታው ላይ» እንደ ማለት ነው። ኮረብታው ዛሬ በፎቆች ተሸፍኗል። በዚህ የናይሮቢ ሰፈር የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እንጀራ ቀርቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በጎን ዘፈን ይከፈታል። ከሚከፈቱት መካከል የእጅጋየሁ ሽባባው፣ በመድረክ ስሟ የጂጂ፣ ድምፅ ቢኖር የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ሌላ ነው። ይህች ድምፃዊ እ.ኤ.አ. በ1998 ገደማ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከመሻገሯ በፊት ጥቂት ዓመታት በኬንያ ኖራለች፤ ሆኖም ስለ እርሷ በሚጻፉት ጽሑፎች የኬንያው ዘመን ከአንድ ዓረፍተ ነገር እምብዛም አያልፍም። በተለመደው አተራረክ ቻግኒ ትወለዳለች፣ በኬንያ ታልፋለች፣ አሜሪካ ትገኛለች።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው ግስ ነው። «ተገኘ» በአማርኛ ሁለት ሸክም አለበት። አንድም ቦታን ይናገራል፤ አንድም ጠፍቶ የነበረ፣ ወይም ማንም ሳያውቀው የቆየ ነገር በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ይናገራል። ሁለተኛው ፍቺ ምንጊዜም አግኚ ይፈልጋል። በጂጂ ታሪክ አግኚ ሆነው የሚጠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የአይላንድ ሬከርድስ መሥራች የነበረውና የቦብ ማርሊን ሥራዎች ለዓለም ያዳረሰው ክሪስ ብላክዌል ነው፤ ኋላ ባቋቋመው ፓልም ፒክቸርስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2001 «ጂጂ» የተባለውን አልበም አሳትሟል። ሁለተኛው የዚያው አልበም አዘጋጅ፣ ኋላም የትዳር ጓደኛዋ የሆነው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ከዚህ አልበም በፊት ድምፃዊቷ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጁ ሁለት ሥራዎች ነበሯት። በአግኚዎቹ አተራረክ ግን እነዚህ ሥራዎች «ገና ሳትገኝ» ከነበረው ዘመን ይቆጠራሉ። በአማርኛ ገዝተው ያደመጧት ሰዎች፣ እንደዚህ አነጋገር ከሆነ፣ አልሰሟትም ማለት ነው።

ይህን አተራረክ ሐሰት ብሎ መጣል አይቻልም። ብላክዌልና ላስዌል የሰጧት ስቱዲዮ፣ ገንዘብና የሥርጭት መረብ ከሌላ ቦታ ባልመጣም ነበር። ነገር ግን አንድ ያልተለመደ ድምፅ «ታወቀ» ሲባል ማን እንዳወቀው፣ በምን ቃልም እንዳወቀው ካልተጠየቀ፣ የሂሱ ሥራ ለማስታወቂያ ጸሐፊዎች ተላልፎ ይቀራል። የአማርኛ የሙዚቃ ሂስም እስካሁን በዚህ ረገድ የሠራው ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ያልተለመደ ሲባል ከምን አንጻር እንደሆነ መታየት አለበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአዲስ አበባን የመድረክ ድምፅ የቀረጹት ተቋማት ናቸው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ድምፃዊን መርጠው፣ አሠልጥነው፣ የደንብ ልብስ አልብሰው ወደ መድረክ አውጥተዋል። በእነዚህ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ድምፃዊው የሚቆመው ከመለከትና ከሳክስፎን ረድፍ ፊት ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ድምፅ የነሐሱን ጩኸት አልፎ የሚሰማ፣ ቃሉ የጠራ፣ ጉሮሮው የሞላ ነበር። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ የዚህ መለኪያ ከፍተኛው ጫፍ ሆነው ቆይተዋል። የጥላሁን ድምፅ እስከ ዛሬ ድረስ «ድምፅ» የሚለው ቃል ያለ ቅጽል ሲነገር ብዙ ሰው በልቡ የሚሰማው ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መለኪያው ጥብቅ ቢሆንም ቀዳዳ አልነበረውም ማለት አይደለም። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል፤ ቀጥሎም የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚያመሹበት አሪዞና ክለብ በጉልበት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ነበር፤ ወደ መድረክ የወጣውም ከዚያው ቤት ነው። የሚንቀጠቀጠውና የሚርገበገበው ድምፁ በመለኪያው ውስጥ ቦታ አገኘ፤ ቦታ ያገኘው ግን አስቀድሞ ሙዚቀኞቹ አጠገብ ስለነበረ ነው።

ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሴት ሲስፋፋ መለኪያው ተለወጠ። አስቴር አወቀ ስትመጣ፣ በአንድ ቃል ላይ ብዙ ጊዜ የሚዞረው፣ የሚወጣውና የሚሰበረው ጉሮሮዋ እንደ እንግዳ ነገር ተሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ ለሴት ድምፃውያን አዲስ ሕግ ሆነ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አማርኛ የምትዘፍን ወጣት ሴት የምትለካው በአስቴር ነበር። እንግዲህ ጂጂ ያልተለመደች የሆነችው ከዚህ ሁለተኛ ሕግ አንጻር ጭምር ነው። ድምፅዋ ከላይ ሲሆን ይቀጥናል፣ አንዳንዴም የሕፃን ያህል ይሳሳል። ትንፋሹ ከቃሉ ቀድሞ ይሰማል። ወደ ዋናው ድምፅ ከታች ተንሸራትታ ትደርሳለች፤ ስትጨርስም ቃሉን ሙሉ በሙሉ ሳትዘጋው ትለቀዋለች። በኦርኬስትራው ዘመን መምህር ጆሮ ይህ ሁሉ ጉድለት ነው።

በአማርኛ ድምፅን በዜማ ለማውጣት ያሉት ግሶች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ቦታና ባለቤት አላቸው። «ዘመረ» የመቅደስና የአዳራሽ ነው። «ሸለለ»ና «ፎከረ» የጦር ሜዳና የግብዣ፣ ባለቤታቸውም በአብዛኛው ወንድ ነው። «ዘፈነ» ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ብዙ ጊዜም ጭፈራ ያለበት ነው። «አወረደ» ግጥምን ወይም ሙሾን ይዞ ይመጣል። «አንጎራጎረ» ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አንጎራጓሪ አድማጭ አይጠራም። ወፍጮ ላይ፣ ምጣድ ዳር፣ ልጅ አዝሎ፣ ብቻውን መንገድ ሲሄድ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ግሱም በድግግሞሽ የተሠራ በመሆኑ ሥራው ጀምሮ የሚያልቅ ሳይሆን በዝግታ የሚመላለስ መሆኑን በቅርፁ ይናገራል። ሰው «ትዘፍናለች» ለማለት የማይደፍርበትን ድምፅ «ታንጎራጉራለች» ይላል፤ በዚህ አጠቃቀም ውስጥ ዝቅ ማድረግ አለ።

የጂጂ ድምፅ እንግድነት ከዚህ የግስ ካርታ ላይ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ድምፁ አዲስ አልነበረም፤ በየቤቱ የነበረ የሴት ድምፅ ነው። አዲስ የሆነው «አንጎራጎረ» በ«ዘፈነ» ቦታ መቆሙ ነው። ለዚህም ማይክሮፎን አስፈለገ። ከመለከት ረድፍ ፊት ሊሰማ የማይችል ትንፋሽ፣ ለአፍ በቀረበ ማይክሮፎን ከመለከቱ በላይ ሊሰማ ይችላል። ያልተለመደ ድምፅ የሚታወቅበት ሁኔታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ጆሮው ከመለወጡ በፊት መሣሪያው ይለወጣል። (ክራሯን ይዛ የምትዘፍነው ተዋናይት አስናቀች ወርቁም እዚህ ላይ ልትነሳ ይገባል። የእርሷ ድምፅ ከኦርኬስትራው ይልቅ ለክራሩ ልክ ነበር፤ ሥራዋን ሰብስቦ ለውጭ አድማጭ ያቀረበው የ«ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እርሷ ያረፈችው በ2011። የዘገየ እውቅና ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም።)

ታዲያ ሂስ ጸሐፊው ይህን ድምፅ ሲሰማ በእጁ ምን ቃል አለው? በጋዜጣና በሬዲዮ አማርኛ የሚመላለሱት ቅጽሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «መረዋ»፣ «ስርቅርቅ»፣ «ጎርናና»፣ «ሻካራ»፣ «ለስላሳ»፣ «ልብ የሚነካ»። መረዋ የደወል ስም ነው፤ ድምፅ ሲመሰገን ወደ ብረት ይለወጣል። ሻካራና ለስላሳ ከእጅ ስሜት የተወሰዱ ናቸው። እነዚህ ቃላት ድምፁ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ድምፁ ምን እንደሚሠራ ግን አይናገሩም። በዚህም ምክንያት ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ድምፃውያን በአንድ ቅጽል ይመሰገናሉ። ለብዙነሽም «መረዋ»፣ ለጂጂም «መረዋ»። ለጂጂ የተሰጠው ምስጋና እንዲያውም ስሕተት ነው። ድምፅዋ የደወል ተቃራኒ ነው፤ ደወል ሲመታ ጥርት ብሎ ይጀምራል፣ የእርሷ ግን በትንፋሽ ተሸፍኖ ነው የሚጀምረው።

የሚያሳዝነው ቃል ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። በቅርብ ርቀት፣ በዜማ ቤት፣ የድምፅን እንቅስቃሴ በስም የሚጠራ የተሟላ የሙያ ቋንቋ አለ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ከተባሉት የያሬዳዊ ዜማ ስልቶች ሌላ፣ ትውፊቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ተሠሩ የሚላቸው ምልክቶች አሉ። ድፋት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። ስሞቹን ብቻ ማየት ይበቃል። አብዛኞቹ የተግባር ስሞች ናቸው። ደረት ድምፁ ወደ ደረት ወርዶ እንዲወፍር ይጠይቃል፤ ርክርክ በአንድ ቦታ ደጋግሞ መንቀጥቀጥን፣ ሂደት መሮጥን፣ ቁርጥ ድንገት መቁረጥን ይነግራል። ደብተራው ስለ ባልንጀራው ዜማ ሲናገር «መረዋ ነው» ብሎ አያልፍም፤ «ርክርኩን አበዛው»፣ «ደረቱን ዘለለው» ብሎ መተቸት ይችላል። ይህ ሂስ ነው።

ጂጂ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረችው በቤተሰቧ ቤት ከነበሩ ካህን መሆኑ ይታወቃል። ሴት ልጅ በማሕሌት ቆማ በማታዜምበት ሥርዓት ውስጥ፣ ትምህርቱ በቤት መሆኑ ትርጉም አለው። ዜማውን በጆሮዋና በጉሮሮዋ ይዛዋለች፤ የምትገልጠው ግን በሌላ ቦታ ነው። ይህን በማለት ዘፈኖቿ የተደበቀ ማሕሌት ናቸው ወደሚል ድምዳሜ መሄድ አይገባም። የዜማ ምልክቶቹ ለግዕዝ ጸሎት የተሠሩ እንጂ ለአማርኛ ዘፈን አይደሉም፤ አብዛኛው ዘፈኗም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ዓለም ውስጥ ነው የሚኖረው። የሚባለው ይህን ያህል ነው፤ ድምፅዋን ለመግለጽ ከዜማ ቤት የተወሰደ ቃል ከደወል ከተወሰደው ይሻላል። ለምሳሌ ከፍ ካለ ድምፅ ስትወርድ የምታደርገውን ተደጋጋሚ ስብራት «ርክርክ መሰል» ብሎ መጥራት አንባቢው እንዲሰማው ያደርገዋል።

በ2001ዱ አልበም ውስጥ «ዐድዋ» የተባለውን ዘፈን እንውሰድ። የ1888 ዓ.ም.ን ድል የሚያነሣ ዘፈን ከሽለላና ከቀረርቶ ጋር አብሮ መምጣቱ በአማርኛ ተለምዷል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያዛውር እንኳ የወንድ ጉሮሮን ጉልበት አልተወም። ጂጂ ግን ጦርነቱን በዝግታ፣ ለሞቱት በሚቀርብ የምስጋና ድምፅ ጀመረችው። ሰልፍ የለም፣ ምት አይቸኩልም፤ ድምፁ ፊት ላይ ብቻውን ነው። በግሶቹ ካርታ መሠረት «ፎከረ» በሚጠበቅበት ቦታ «አወረደ» መጣ፤ የሙሾ አውራጅዋ ግስ። የዘፈኑ ኃይል ከግጥሙ ይልቅ ከዚህ የቦታ ለውጥ የሚመጣ ይመስላል፤ ግጥሙ ብቻውን በወረቀት ላይ ቢነበብ ይህን አይሠራም።

ለቋንቋ አጥኚ ደግሞ ሌላ የሚያዝ ነገር አለ። አማርኛ የፈነዱ ተነባቢዎች አሉት፤ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ። እነዚህን ለማውጣት ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል፤ የዜማው ትንፋሽም አብሮ ይቋረጣል። የኦርኬስትራው ዘመን ድምፃዊ ይህን መቋረጥ እንደ ጌጥ ይጠቀምበታል፤ ቀው ይፈነዳል፣ ቃሉም ከመለከቱ በላይ ይሰማል። ጂጂ ብዙ ጊዜ ታለዝበዋለች። ፍንዳታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ሆኖም ትንፋሹ ቶሎ ተመልሶ ስለሚሸፍነው ቃሉ የጠራ አይመስልም። «ቃሏ አይሰማም» የሚለው ነቀፋ ቢያንስ በከፊል ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ ሳድስ ነው። በንግግር አጭርና ደካማ የሆነው የሳድስ አናባቢ ረጅም ዜማ አይሸከምም፤ ስለዚህ ድምፃውያን ወይ ወደ ሌላ አናባቢ ያዛውሩታል፣ ወይም «ኧረ»ን፣ «ዬ»ንና «ሆይ»ን የመሳሰሉ መሙያዎችን ጨምረው ዜማውን በእነርሱ ላይ ይዘረጋሉ። ጂጂ ሁለቱንም ታደርጋለች፤ አልፎ አልፎ ግን ሳድሱን እንዳለ፣ አፍ በግማሽ ተዘግቶ፣ ትዘረጋዋለች። ያን ጊዜ የሚሰማው ድምፅ በዘፈንና በማንጎራጎር መካከል ያለ ነው፤ «ያልተለመደ» የሚለው ቃል በድምፀ ልሳን ደረጃ ፍቺ የሚያገኘውም እዚህ ነው። ጥብቀትም ሊታለፍ አይገባውም። «አለ» ላልቶ ሲነገርና ጠብቆ ሲነገር ሁለት ቃል ነው፤ ዜማ ግን የላላውን ሊያጠብቅ፣ የጠበቀውንም ሊያላላ ይችላል። ድምፃዊ ለቃሉ ወይስ ለዜማው ታማኝ እንደሚሆን የሚወስነው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ለአጥኚዎች የሚያጓጓ አንድ አቋራጭ አለ፤ መዘጋት አለበት። ቻግኒ በአዊ ዞን ትገኛለች፤ በአካባቢው አዊኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። አዊኛ ከማዕከላዊ ኩሻዊ የአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከአማርኛ በተለየ የቃና ልዩነት አለው፣ የፈነዱ ተነባቢዎችም የራሱ አይደሉም። ከዚህ ተነሥቶ «የጂጂ ድምፅ ልዝብ የሆነው በአገው ተጽዕኖ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ለኅትመትም ያምራል። ነገር ግን ሙግቱ አይቆምም። በዚያው አካባቢ ያደጉ፣ የፈነዱትን ተነባቢዎች እንደ ጥይት የሚተኩሱ አዝማሪዎችና ዘፋኞች መኖራቸውን ማንም ጆሮ ያለው ይመሰክራል። የቃና ቋንቋ ተናጋሪ መሆንም ስለ ዘፈን ድምፅ ቀለም በራሱ የሚናገረው ነገር የለም። አንድን ግለሰባዊ ምርጫ የብሔር ንብረት ማድረግ፣ ብላክዌልና ላስዌልን ብቸኛ አግኚ ከማድረግ ጋር አንድ ጉድለት አለበት። በሁለቱም ድምፃዊቷ ራሷ የወሰነችው ነገር አይታይም።

ድምፁ ከታወቀ በኋላ እንዴት አደገ የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀጥ ያለ አይደለም። የ2001ዱ አልበም ትልቅ ድግስ ነው። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተሳትፈውበታል፤ ከኢትዮጵያውያኑ አበጋዙ ክብረወርቅ ሺዮታ በቅንብሩ፣ የዋልያስ ባንዱ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎኑ አሉበት። በውጭ ሃያስያን ዘንድ ተመሰገነ፤ በትውልድ አገሯ ግን ከባህላዊውም ከዘመናዊውም ዘፈን ድንገት የተገነጠለ ተብሎ አከራክሯል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ቅንብሩ ሆነ፤ ድምፁ በመካከሉ ተረሳ። ከዘፈኖቹ አንዱ «ጉራማይሌ» ይባላል። ቃሉ ዥንጉርጉር መሆንን፣ የድድ ንቅሳትንም ያመለክታል፤ የአማርኛ መምህራን ደግሞ አማርኛን ከእንግሊዝኛ እያፈራረቀ የሚናገርን ሰው የሚነቅፉበት ቃል ነው። አንዲት ድምፃዊ በዚህ ቃል ዘፈን ስትሰይም፣ የሚቀርብባትን ነቀፋ አስቀድማ ስም አወጣችለት ማለት ይቻላል። በናይሮቢ ሼንግ ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል፤ መምህራን የሚያወግዙት የመንገድ ንግግር ኋላ የዘፈንና የማስታወቂያ ቋንቋ ሆኗል። «ጉራማይሌ» ግን በአማርኛ የቋንቋ ጥናት እስካሁን ከነቀፋነቱ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ሥራዎች ወጡ፤ ሁለቱም በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የፊተኛው አልበም በላስዌል እጅ በደብ ስልት እንደ ገና የተሠራበት ነው። ድምፁ ከሩቅ ብቅ ይላል፣ ያስተጋባል፣ ይሰምጣል። ለደብ ወዳጅ ግሩም ሥራ ነው፤ ስለ ድምፅ ማደግ ለሚጠይቅ ሰው ግን አስጨናቂ ነው። በድምፃዊቷ ስም በወጣ ሥራ ድምፃዊቷ ቅመም ሆናለች። የትንፋሿ ልዝብነት፣ ያ ያልተለመደ የተባለው ነገር፣ እዚህ ላይ ቃልን ከትርጉሙ ለማላቀቅ ምቹ ሆኖ ተገኘ፤ አማርኛ ለማይሰማ ጆሮ ድምፁ የቦታ ሽታ ብቻ ሆነ። በአንጻሩ «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በተባለው ስብስብ ስም የወጣው «ዛዮን ሩትስ» ኤሌክትሪኩን ቀንሶ ወደ ክራር፣ ወደ ዋሽንትና ወደ አኩስቲክ ጊታር ተመለሰ። ድምፁ ያደገው እዚህ ነው። ምክንያቱም መሸሸጊያ የለውም። ክራሩ ቦታ ስለሚለቅለት ትንፋሹ፣ ስብራቱ፣ በግማሽ የተዘጋው ሳድስ ሁሉ በራሱ ይቆማል፤ ድምፃዊቷም በ2001 ላይ በችኮላ ታልፋቸው የነበሩ የሐረግ መጨረሻዎችን እዚህ በትዕግሥት ትጠብቃቸዋለች። ያው አዘጋጅ፣ ያው ዓመት፤ ሆኖም አንዱ ሥራ ድምፁን ሲያተንን ሌላው አጸናው። ስለዚህ አዘጋጁ ድምፁን «አሳደገ» ወይም «አበላሸ» የሚለው ሙግት ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ሳያደምጡ የሚደረግ ነው።

በ2006 የወጣው «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ርዕሱ ላይ ያደረገውን ልብ ይሏል። አማርኛ «ሰምና ወርቅ» ይላል፤ ሰሙ ይቀድማል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚሰማው እርሱ ነው፤ ወርቁ ከቀለጠ በኋላ የሚገኝ ነው። ርዕሱ ግን ወርቁን አስቀድሟል። ምናልባት ለእንግሊዝኛ ጆሮ የተመቸ ቅደም ተከተል ስለሆነ ይሆናል። ለሁለት አድማጭ የሚዘፍን ድምፅ ምን ዓይነት ስምምነት እንደሚያደርግ ግን ከዚህ ያነሰ ምሳሌ አይገኝለትም።

የኬንያ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ አዩብ ኦጋዳን ሳያነሣ አይቀርም። የሉኦ ባህል ሙዚቀኛ፣ የባለ ስምንት ክሩ ንያቲቲ ተጫዋች፣ በናይሮቢ የአፍሪካን ሄሪቴጅ ባንድ መሥራች አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ ለንደን ሄዶ መንገድ ላይ ሲጫወት ቆየ፤ «ኤን ማና ኩዎዮ» የተባለው አልበሙ በ1993 በሪል ወርልድ ወጣ። ከዚያው አልበም «ኮትቢሮ» የተሰኘው ዘፈን በ2005 «ዘ ኮንስታንት ጋርድነር» በተባለ ፊልም ውስጥ ገብቶ ለብዙ ሰው ጆሮ ደረሰ። የእርሱም ድምፅ ጸጥ ያለ፣ ለራስ የሚወጣ የሚመስል ነበር። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ዝናቸው ከውጭ መምጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለቱም ለትንሽ መሣሪያ የሚመጥን ድምፅ ይዘው መነሣታቸው ነው። ልዩነታቸውም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። ኦጋዳ ንያቲቲውን በእጁ ይዞ ስለሄደ ድምፁ ከቤቱ ጋር ሄደ፤ ጂጂ ግን የድምፅዋን ቤት በየአልበሙ እንደ ገና መሥራት ነበረባት።

ዛሬ በኢትዮጵያ «ያልተለመደ» የነበረው ድምፅ ተለምዷል። «ዐድዋ» በየዓመቱ የካቲት 23 ሲቃረብ በየሬዲዮው ይከፈታል፤ «ዓባይ»ም ስለ ወንዙ ወሬ በተነሣ ቁጥር ይመለሳል። የድምፅ ውድድሮች ላይ የሚቀርቡ ወጣት ሴቶች ትንፋሹን ያስቀድማሉ፣ የቃሉን መጨረሻ ይለቃሉ። ዳኞቹም «መረዋ ድምፅ» ይላሉ። አስቴር ከእንግድነት ወደ ሕግነት የተሻገረችበት መንገድ በጂጂም ተደግሟል፤ የሂሱ ቃል ግን በሁለቱም ጊዜ ባለበት ቆመ። ቅጂውን ከዋናው ለመለየት የሚያስችል ቃል ስለሌለ፣ ትንፋሽ የሚያበዛ ሁሉ «የጂጂ ድምፅ አላት» ይባላል። ሆኖም ትንፋሹ ከምልክቶቹ አንዱ ብቻ ነው። የሳድሱ አያያዝ፣ የጥብቀቱ ታማኝነት፣ የርክርክ መሰሉ ስብራት የሚመጣበት ቦታ፣ እነዚህ በቅጂዎቹ ውስጥ እምብዛም አይገኙም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሥራ ትልቅ ወጪ የሌለው ነው። የ«ዐድዋ»ን የመጀመሪያ ሐረጎች በሁለት መስመር መጻፍ ይቻላል፤ በላይኛው ቃሉ ከነጥብቀቱና ከነላልቱ እንደሚነገረው፣ በታችኛው እንደተዘፈነው፣ ትንፋሹና ስብራቱ ከዜማ ቤት በተዋሱ ምልክቶች ተመልክቶ። ከጎኑ የዚያው ዘፈን ሌላ ድምፃዊት የዘፈነችው ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በኪሊማኒም ጥቅም አለው። ስዋሂሊ ቀን ከከ የሚለይ የፈነዳ ተነባቢ የለውም፤ በዚያ ሰፈር በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ መካከል የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ይህን ዘፈን ሲያንጎራጉር፣ የለዘበው ቀ ከድምፃዊቷ የተማረው ይሁን ወይስ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ፣ ሁለቱን መስመሮች የያዘ አጥኚ ሊሰማው ይችላል።